ከአዲስ አበባ ይልቅ የምትቀርበን ጨረቃ

ሁለት ነገሮች ፈጽሞ የማይገናኙ መሆናቸውን ለማስረዳት በፈለግን ጊዜ «የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ» እንላለን። አባባሉ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን በኪሎ ሜትር ለሚቈጥር ሰው እውነትነቱ እምብዛም ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ በመኪና መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በየዕለቱ በራሳችን ላይ ከሚያልፉት ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች፣ ማለት ሳተላይቶች፣ መካከል ግን ብዙዎቹ የሚዞሩት ከ400 እስከ 600 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ነው። እንግዲህ ልክ በአናታችን ላይ ባለፉ ጊዜ ከርእሰ ከተማችን ይልቅ ለእኛ ይቀርባሉ ማለት ነው። ጋይንት ወይም ስማዳ ተቀምጦ አዲስ አበባን ሩቅ፣ ሰማይን ደግሞ ከዚያ የባሰ ሩቅ አድርጎ ለሚያስብ ሰው ይህ ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለናል።

ይህን ሐሳብ ለአንባብያን ለማቅረብ ያነሣሣን ሊቅነት አይደለም። የተወለድነው በእስቴ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በመካነ ኢየሱስ ከተማ ፈጽመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠርን ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ዕድሜያችንም ከሠላሳ ተሻግሯል። ሥራችን የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። በመዝገብ ቤት ሁለት ታላላቅ መዛግብት አሉ፤ በአንደኛው የገቢ፣ በሁለተኛው የወጪ ደብዳቤ ይመዘገባል። ከዚህ ሥራ የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር፣ ደብዳቤ ሥራውን የሚሠራው በተጻፈ ጊዜ ሳይሆን መድረሱ በተረጋገጠ ጊዜ መሆኑን ነው። ላኪው መድረሱን ካላወቀ እንዳልጻፈ ይቈጠራል፤ ተቀባዩም መቀበሉን ካላስታወቀ እንዳልተቀበለ ይቈጠራል። «ደርሶናል» ብለን ፈርመን የምንመልሳት ትንሽ ወረቀት በዓይን ስትታይ ምንም አይደለችም፤ ሁለት ሩቅ ቦታዎችን የምታስተሳስረው ግን እሷ ናት።

ከዚህም በቀር ሌላ ነገር አስተውለናል። ከላይ ወደ ወረዳ የሚወርደው መመሪያ፣ ሰርኩላርና ማስታወቂያ ብዙ ነው። ከወረዳ ወደ ላይ የሚወጣውም ሪፖርት ጥቂት አይደለም። ዳሩ ግን በሩቅ ያለ ሰው «ይህን ከእናንተ በቀር የሚነግረኝ የለም» ብሎ በናፍቆት የሚጠብቀው ጽሑፍ ከእኛ ዘንድ ስንት ጊዜ ይወጣል? ይህ ጥያቄ በልባችን ሳለ ነው ስለ ትንንሾቹ የዩኒቨርሲቲ ሳተላይቶች ለመስማትና ለማንበብ የበቃነው።

በመጀመሪያ አማተር ራዲዮ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። አማተር የሚባለው ለደመወዝ ወይም ለንግድ ሳይሆን ስለ ዕውቀት ፍቅር የሚደክም ሰው ነው። የራዲዮ አማተሮች በየቤታቸው ወይም በየማኅበራቸው ጣቢያ አቁመው ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ይነጋገራሉ። ጣቢያው ከመንግሥት ፈቃድና የመጥሪያ ስም ይሰጠዋል፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መጥሪያ «ኢ ቲ» በሚሉት ፊደላት ይጀምራል። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ይባላል።

እነዚህ ሰዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ሁለት ጣቢያዎች ተነጋግረው ባበቁ ጊዜ፣ ወይም አንዱ የሌላውን ድምፅ ከሩቅ በሰማ ጊዜ፣ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት ካርድ ይላላካሉ። ካርዱ «ኪው ኤስ ኤል» ይባላል፤ በቴሌግራፍ ሠራተኞች አጭር ቋንቋ ትርጉሙ «መልእክትህ መድረሱን አረጋግጣለሁ» ማለት ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ፣ ለካ በዓለም ሁሉ የተበተኑ የመዝገብ ቤት ባልደረቦች ነበሩን ብለን ፈገግ አልን።

የመጀመሪያይቱ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ስፑትኒክ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ተወነጨፈች። ከዚያ አራት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ያሉ አማተሮች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሯት ኦስካር 1 የምትባል ሳተላይት ለሌላ ሥራ በተዘጋጀ ሮኬት ላይ እንደ ትርፍ ዕቃ ተጭና ወጣች። ክብደቷ 4.5 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። የምትናገረውም አንድ ቃል ብቻ ነው፤ በሞርስ ምልክት አራት ነጥብ፣ ቀጥሎም ሁለት ነጥብ፤ ይኸውም «ሃይ» የሚለው ሰላምታ ነው። ዳሩ ግን በዚህች ሰላምታ ውስጥ ብልሃት ነበረባት። የሳተላይቷ ሙቀት ከፍ ሲል ሰላምታው ይፈጥናል፤ ሲበርድ ይዘገያል። ስለዚህ ሰዓቱን ይዞ የቈጠረ አድማጭ ሁሉ በሰማይ ያለችውን ዕቃ ሙቀት ከቤቱ ሆኖ ይለካል። በ22 ቀን ውስጥ ከ28 አገሮች የተውጣጡ ከ570 በላይ አድማጮች የሰሙትን ጽፈው ላኩ። ሠሪዎቹ ስለ ሳተላይታቸው ካወቁት ነገር ብዙውን ያወቁት ፊታቸውን አይተዋቸው ከማያውቁ ከእነዚህ ሰዎች ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን መንገድ ተከተሉ። በእንግሊዝ አገር የሰሪ ዩኒቨርሲቲ መስከረም 26 ቀን 1974 ዓ.ም. ያስወነጨፋት ሳተላይት የመሣሪያዎችዋን ንባብ የሰውን ድምፅ በሚያስመስል ማሽን ትናገር ስለ ነበር፣ ሞርስ የማያውቅ የትምህርት ቤት ልጅ እንኳ ያደምጣት ነበር። በደቡብ አፍሪካ የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን የሠሯት 64 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ሰንሳት የካቲት 16 ቀን 1991 ዓ.ም. ወጣች፤ እሷም የአማተር ራዲዮ መሣሪያ ይዛ ነበር።

በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር 1999 ዓመት ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ለተማሪ እጅ የሚመች አንድ ልክ አወጡ። ጎንዋ ሁሉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ክብደቷም ከ1.3 ኪሎ ግራም ብዙ የማይበልጥ ሳጥን ናት፤ «ኩብሳት» ተባለች። በአንድ እጅ የምትያዝ ስለ ሆነች ለሮኬቱ ሸክም አትሆንም፤ ወጪዋም ከትልልቆቹ ጋር አይነጻጸርም። ወደ አህጉራችን ብንመለከት፣ በጋና ኮፎሪዱዋ ከተማ የሚገኘው የኦል ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጃፓን የኪዩሹ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሠሯት ጋናሳት 1 ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወደ ምሕዋሯ ተለቀቀች። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲዋም እንዲሁ ግንቦት 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ተለቀቀች። እነዚህ ትንንሾች ብዙ ዓመት አይቈዩም፤ ሥራቸውን ፈጽመው በከባቢ አየር ውስጥ ይቃጠላሉ። የሚቀረው የሠሯቸው ልጆች ዕውቀትና የአድማጮቹ መዝገብ ነው።

አገራችንም ከሰማይ የራቀች አይደለችም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ጣቢያ የተወነጨፈችው ኢ ቲ አር ኤስ ኤስ 1 ሰባ ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝን ነበር። የተሠራችው በቻይና ርዳታ ሲሆን የኢትዮጵያ መሐንዲሶችም ተካፍለውበታል። ሥራዋም መሬትን ፎቶግራፍ እያነሡ ለእንጦጦ ጣቢያ ማቀበል ነበር። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዘጠኝ ኪሎ ግራም እንኳ የማትሞላ ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለች። ሁለቱም የሚያኰሩ ናቸው። ሆኖም እነዚህ የተሠሩት ለማየት ነው። እኛ የምንናገርላት ግን ለመሰማት የምትሠራይቱን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በታች ይገለጣል።

ሳተላይቷ እንዴት እንደምትሰማ አስቀድመን በአጭሩ እንግለጽ። በሰዓት 27,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች በመቶ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ምድርን አንድ ጊዜ ትዞራለች። ምድርም ከበታችዋ ስለምትሽከረከር፣ በዋልታዎች በኩል የምትዞር እንደ ሆነ በየቀኑ በማንኛውም አገር ላይ ታልፋለች። አንድ ጊዜ ስታልፍ ከአድማስ እስከ አድማስ የምትሰማው ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። የምትናገረው ዘወትር በ145 ወይም በ437 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን ኃይሏ ከአንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ መብራት አይበልጥም። ወደ እኛ ስትመጣ ድምፅዋ ይቀጥናል፤ አልፋን ስትርቅ ይወፍራል። በጉና መንገድ ዳር ቆሞ ጡሩንባ እየነፋ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ያደመጠ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ያነበብነው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ግን የቆዩ መዛግብትን ለማደራጀት ወደ ስማዳ በታዘዝን ጊዜ በጆሮአችን ለመስማት ዕድል አገኘን። በዚያ ወረዳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር ወዳጃችን ከገዛ ደመወዙ ቈጥቦ አውራ ጣት የምታህል መቀበያ ገዝቶ ነበር። መቀበያይቱ መጀመሪያ የተሠራችው ለቴሌቪዥን ሲሆን ከኮምፒዩተር ጋር ብትያያዝ ሌላውንም ድምፅ ትይዛለች። አንቴናውን ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ሠራው። አንድ ሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ ዘንግ፣ ከተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጦ በማስመሪያ እየተለካ የተቈረጠ የመዳብ ሽቦ፤ ያ ነው ዕቃው ሁሉ። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ከዚያ የሚበልጥ መሣሪያ አልነበረውም።

በመጀመሪያው ምሽት ሳተላይቷ ከተራሮቹ ብዙም ከፍ ሳትል በአድማስ ዳር ስላለፈች ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ከሚመስል ድምፅ በቀር የተሰማ ነገር የለም። በማግስቱ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ በአናታችን ታልፋለች ተብሎ ተሰልቶ ነበር። መምህሩ በተከራየበት ግቢ ሰባት ተማሪዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተሰበሰቡ። አንዱ አንቴናውን ወደ ሰሜን አቅንቶ ያዘ፤ አንዲት ልጅ እርሳስና ደብተር አዘጋጀች። ሰዓቱ ሲደርስ ከካፊያው ድምፅ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ማንም አልተነፈሰም። ልጅቱ ነጥብና ሰረዙን ትጽፋለች፤ አንቴና ያዡ ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ይዞራል። ስድስት ደቂቃ ያህል ሰማናት፤ ከዚያም ፉጨቱ እየወፈረና እየሰለለ ሄዶ በበሽሎ በኩል ጠፋ።

ጽሑፉ ሲፈታ የሳተላይቷ መጥሪያ፣ የባትሪዋ ቮልትና የሙቀቷ መጠን ወጣ። የሠሯት በሩቅ አገር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በዚያ ሰዓት እሷም እንደ እኛው በምድር ጥላ ውስጥ ስለ ነበረች ቀን ከፀሐይ ባጠራቀመችው ኃይል ብቻ ትናገር ነበር። ልጆቹ በደስታ ሲንጫጩ አንደኛው ግን ዝም ብሎ ቆይቶ፣

«መምህር፣ እሷስ እኛ መስማታችንን በምን ታውቃለች?» ሲል ጠየቀ።

«እሷ አታውቅም» አለው መምህሩ፤ «የሠሯት ልጆች ግን ከጻፍንላቸው ያውቃሉ።»

የቤቱ ባለቤት በወጣትነታቸው ድጓ የተማሩ መሪጌታ ናቸው። ከደጃፋቸው ተቀምጠው ሁሉን ሲያደምጡ ቆይተው ኖሮ፣ «እኛ ድጓ ተምረን ስንጨርስ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄደን እናስመሰክራለን» አሉ። «በቤቱ ተቀምጦ ብቻውን የሚያዜም ሰው ዐዋቂ ሊሆን ይችላል፤ የተመሰከረለት ግን አይባልም። ይህችም የምትዞረው የሚመሰክርላት ፈልጋ ነው።»

እኛም በበኩላችን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍ አላገኘንም። ለማየት የምትሠራ ሳተላይት ከላይ ሆና እኛን ትመለከተናለች፤ እኛ መኖራችንን ማወቃችን ወይም አለማወቃችን ለሥራዋ ለውጥ አያመጣም። ለመሰማት የምትሠራይቱ ግን ያለ አድማጭ ሥራዋ ጎደሎ ነው። የሠሪዎቹ የገዛ ጣቢያ ሳተላይቷን የሚያገኛት በላዩ ባለፈች ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ የሚሰማበት ደቂቃ ሁሉ ተደምሮ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በቀረው ጊዜ ምን እንደ ደረሰባት የሚነግራቸው በሌላ አገር ሰማይ ሥር ያለ ሰው ነው።

በማግስቱ ተማሪዎቹ የሰሙትን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ሰዓቱን፣ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የመቀበያውንና የአንቴናውን ዓይነት አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ክርክር የተነሣው በቦታው ስም ላይ ነው። አንዱ «ኢትዮጵያ ማለት ይበቃል፤ ስማዳን ማን ያውቃታል?» ሲል፣ ደብተር ያዥዋ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ይወቋት» ብላ መለሰችለትና ስማዳን ከላይ፣ ኢትዮጵያን ከታች ጻፈች። በየካቲት ወር መልስ መጣ። ሦስት መስመር ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት ሳተላይቷ ከጣቢያቸው ዕይታ ውጪ እንደ ነበረችና ከስማዳ የተላከው ንባብ በሰንጠረዣቸው ባዶ የነበረውን ቦታ እንደ ሞላላቸው ገልጸው ያመሰግናሉ። ከሥሩ የ«ደርሶናል» ካርድ ተያይዟል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ባለመሆኑ በመዝገባችን ልናስገባው አልተፈቀደልንም እንጂ፣ ከዚያ ወረዳ ወጥተው መድረሳቸው ከተረጋገጠላቸው ጽሑፎች ሁሉ ይህን ያህል ደስ ያሰኘን አልነበረም።

ይህን ታሪክ ለአንድ በዕድሜ ለሚበልጠን የሥራ ባልደረባችን በነገርነው ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ ስማዳ ዝናብ ሲቀርባት የምትቸገር አገር ናት። የሰማይ ፉጨት ለተራበ ሰው ምን ይፈይድለታል? ይህ የጠገበ አገር ጨዋታ ነው» አለን። ቃሉ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ትንሽ ሳተላይት ዝናብ አታዘንብም፤ ጎተራም አትሞላም። ዳሩ ግን ትልቋ ሳተላይት እንኳ ሥራዋን የምትፈጽመው በምድር ያለ ሰው ሲያግዛት ነው። ኢ ቲ አር ኤስ ኤስ 1 ባነሣችው ፎቶግራፍ ላይ ወርዱና ቁመቱ ከ13 ሜትር በላይ የሆነ መሬት አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ያች ነጥብ ቢጫ ብትሆን፣ ገብሱ ደርሶ ነው ወይስ ደርቆ? ይህን ለይቶ የሚነግር በማሳው ዳር የቆመ፣ መለካትና መመዝገብ የለመደ ሰው ነው። በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መጻፍ የተማረ ልጅ፣ ነገ የዝናብ መለኪያውንም የማሳውንም ሁኔታ እንዲሁ ይጽፋል። ስለዚህ ነገሩ ከእንጀራ የራቀ ነው ለማለት አንደፍርም።

ባልደረባችን ይህን ከሰማ በኋላ «ይሁን፤ ግን ልጆቹ በትምህርታቸው ከጸኑ ነው» አለ። በዚህስ እውነቱን ነበር። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ መድረሱ አይዘነጋም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ደግሞ በክልላችን እንደ ገና ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ፤ በርካታ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ከእነዚያ ከሰባቱ ተማሪዎች ገሚሱ ወደ ዘመድ፣ ገሚሱ ወደ ሥራ ፍለጋ ተበተነ። መምህሩም ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። አንቴናው በመሪጌታ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። በዚያ ወራት ስልክ በእጃችን ይዘን ለማንም መድረስ ሳንችል ስንቀመጥ፣ ከሁሉ ይልቅ የከበደን ወሬ ማጣታችን አልነበረም፤ መኖራችንን የሚያረጋግጥ ሰው ማጣታችን ነበር። ሳተላይቶቹ ግን በየምሽቱ ያልፉ ነበር። ድምፃቸው በየትኛውም የስልክ ማዕከል በኩል ስለማይመጣ፣ አድማጭ ቢገኝ ኖሮ በዚያም ጊዜ ይሰሙ ነበር።

በዚያ የዝምታ ጊዜ ሐሳባችንን ደጋግመን የምናሳርፍበት አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ኦስካር 7 የምትባል የአማተሮች ሳተላይት ኅዳር 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጥታ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ካገለገለች በኋላ፣ በ1973 ዓ.ም. ባትሪዋ ተበላሽቶ ዝም አለች። ሁሉም ሞተች ብሎ ከመዝገቡ ሰረዛት። ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። ሰኔ 14 ቀን 1994 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ አማተር መቀበያውን ሲከፍት የማያውቀው የሞርስ ድምፅ ሰማ፤ ቢያጣራ ኦስካር 7 ሆና ተገኘች። የተበላሸው ባትሪ የኤሌክትሪክ መንገዱን ዘግቶ ኖሮ፣ ብልሽቱ ከጊዜ ብዛት ራሱን በመለወጡ የፀሐይ ኃይል በቀጥታ ወደ መሣሪያዎቹ መድረስ ቻለ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ባየች ጊዜ ትናገራለች፤ ጥላ ውስጥ በገባች ጊዜ ዝም ትላለች። በዝምታ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሞተ አይደለም ማለት ነው። ሆኖም የእሷ መነሣት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በዚያች ሰዓት የሚያደምጥ ሰው መኖሩ አስፈለገ።

እንግዲህ ምን ይደረግ ብሎ የሚጠይቀን አንባቢ ቢኖር፣ በችሎታችን መጠን ሁለት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛው ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ነው። ትንሿን ሳጥን በተማሪዎቻችን እጅ ሠርቶ ለዓለም አድማጮች እንድትናገር ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይደለም፤ ጋናና ኬንያ በወዳጅ አገር ርዳታ አድርገውታል። ዕውቀቱም በቅርባችን አለ። የምድር ማግኔታዊ የወገብ መስመር በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው ከባቢ አየር የሚነሣው መናወጥ በእኛ ሰማይ ይበረታል፤ ከሳተላይት የሚመጣውንም ድምፅ ያርገበግበዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው ዋሸራ የተባለው ቤተ ሙከራ ይህን መሰሉን የጠፈር አካባቢ ጥናት ያካሂዳል። በሌላው ዓለም ያለ ተመራማሪ ከእኛ አካባቢ የሚመጣ ንባብ የሚፈልገው ለይሉኝታ ሳይሆን ሌላ ቦታ ስለማያገኘው ነው።

ሁለተኛው ለመምህራን ነው። ለማስተላለፍ የሚሻ ሰው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ይገባዋል። ሰምቶ ለመመዝገብ ግን የሚያስፈልገው አንዲት መቀበያ፣ ኮምፒዩተር፣ ጥቂት ሽቦና የባሕር ዛፍ ዘንግ ነው። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእሷም ከእስቴም ሜዳዎች አድማሱ ሰፊ ነው። በሸለቆ ያለውም ቢሆን በአናቱ የምታልፈውን አያጣትም። ከፍታችንና ርቀታችን ለመንገድ ሥራና ለስልክ መስመር ሁልጊዜ እንቅፋት ሲሆን ኖሯል፤ በዚህ ሥራ ግን ለአንድ ጊዜ እንኳ ሀብት ይሆንልናል።

በእኛ በኩል የምንመኘው ብዙ አይደለም። አንድ ቀን በኢትዮጵያ ተማሪዎች እጅ የተሠራች፣ በአንድ መዳፍ የምትያዝ ሳተላይት ምድርን ስትዞር፣ ከጃፓን ወይም ከብራዚል አንድ የማናውቀው ሰው ድምፅዋን ሰምቶ ይጽፍልን ይሆናል። ያን ጊዜ መልስ የሚጽፍለት፣ ሰዓቱን ከመዝገብ ጋር የሚያስተያይ፣ በጥንቃቄ ፈርሞ «ደርሶናል» የሚለው ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ልጆች በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አሉ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሳይተነፍሱ ሲያደምጡ አይተናቸዋል።